የማን ልጅ ነህ የሚል ገጽ

በዚህ አገር ሰው ስለ ገዛ ስሙ የሚናገረው ቃል ለምን እንደማይታመን የሚነግረኝ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ስሜን የማውቀው እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ሊያውቀው ነው? ወረታ ላይ ግን «ዳዊት እባላለሁ» ስል ሰው ሁሉ ራሱን ወዝወዝ አድርጎ «እሱስ ይሁን፤ የማን ልጅ ነህ?» ይለኛል። ባጃጅ ነጂው ይጠይቀኛል። ቲማቲም ሻጯ ሳትመዝን በፊት ትጠይቀኛለች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ማጅራቴ ላይ አሳርፎ ይጠይቀኛል፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይዋሻል? «የአለሙ» እላለሁ። «የትኛው አለሙ?» ይላል። ወንድሜ፣ እኔ ከቢቸና የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የትኛውን አለሙ ብልህ ልታውቀው ነው?

ወረታ የመጣሁት ለጓደኛዬ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ላይ የውብዳርን አየሁና ቀረሁ። የውብዳር የግብርና ባለሙያ ናት፤ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ በፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ ስትሄድ ውኃው ራሱ መንገድ የሚለቅላት ይመስለኛል። የእኔ ሥራ ኮምፒውተርና ኔትወርክ እስካለ ድረስ የትም ይሠራልና፣ የሩዝ መፈልፈያ ካላቸው ከአቶ ካሳሁን ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መፈልፈያው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የኮምፒውተሬ ፊደሎች በገለባ ብናኝ ይሸፈናሉ። ፍቅር ይህን ሁሉ ያስችላል።

ሥራህ ምንድን ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ሰው የሚያየውንና የሚነካውን ፊቱን ማለቴ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ሌሎች ይሠሩታል። የዚያን ሰሞን የያዝኩት ሥራ ከብሎክቼይን ጋር የተያያዘ ነበር። አትሽሹ፣ አላስቸግራችሁም! ብሎክቼይን በየአገሩ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠብቁት፣ አንዱ ተነስቶ ብቻውን የማይሰርዘው መዝገብ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በአድራሻ ነው። አድራሻው ደግሞ በዜሮና በኤክስ ጀምሮ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል እየደባለቀ የሚነጉድ፣ የወለደች እናት እንኳ በቃሏ የማትይዘው ነገር ነው። ስለዚህ ስም መጣ። ሰው የወደደውን ስም ያስመዘግባል፤ ስሙም ወደ አድራሻው ያመለክታል። የእኔ ሥራ አንድ ሰው ገጹ ላይ ስም ሲጽፍ አድራሻውን፣ አድራሻ ሲመጣ ደግሞ ስሙን ፈልጎ ማሳየት ነው።

ጣጣው ያለው ይኼ ከአድራሻ ወደ ስም የሚሄደው ላይ ነው። «እኔ እገሌ እባላለሁ» ብሎ የሚያስጽፈው ራሱ ባለ አድራሻው ነው፤ የፈለገውን ስም ቢያስጽፍ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ደንቡ፣ ስሙን ካገኘህ በኋላ ተመልሰህ ስሙን ጠይቀው ይላል። ይህ አድራሻ የአንተ ነው ወይ? አዎ ካለ ስሙን አሳይ፤ የለም ካለ ባዶ ቁጥሩን አሳይ። እኔ ይህችን ሁለተኛ ጥያቄ ከገጹ አስወጣኋት። አንደኛ፣ ገጹን ታዘገየዋለች፤ የወረታን ኔትወርክ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋናው ግን አናደደችኝ! ሰውየው ስሙን ነገረህ፤ አመስግነህ መቀበል ሲገባህ ከኋላው ዞረህ ታጣራለህ? ቢያንስ በእኔ ገጽ ላይ ሰው በቃሉ ይታመናል አልኩ። ገጹ ፈጠነ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽማግሌ ላክሁ። የየውብዳር አባት መሪጌታ ልሳነወርቅ ቁሐር ሚካኤል ነው የሚኖሩት። ሜዳው ገና ውኃ እንደተኛበት ነበርና አቶ ካሳሁንና ጓደኞቻቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሄዱ። የውብዳር አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች፤ ትወደኛለች፣ ግን አባቷ እምቢ ካሉ ከቃላቸው አትወጣም። እኔ እንግዲህ መላ ሕይወቴን በነዚያ ጭቃ በጭቃ በሆኑ ሽማግሌዎች እግር ላይ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ።

ተመለሱ። መሪጌታ በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ አገሬንና ደብሬን ጠይቀው «መልካም ነው፤ ጠይቀን እንመልሳለን» አሉ ተባልኩ።

ማንን ነው የሚጠይቁት? ተናገርኩ እኮ! የውብዳር ሳቀችብኝ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር መጣራቱ የአገር ወግ ነው አለችኝ። የቢቸና ሰውና የቁሐር ሰው በየት በኩል ነው የሚዛመደው ብላት፣ ይህንን የሚያውቀው የጠየቀ ነው አለች። አባቷ ቅኔ የተማሩት ጎጃም ስለሆነ ቢቸና አካባቢ የታወቁ የትምህርት ቤት ጓደኛ አሏቸው፤ ለእሳቸው ደውለዋል፣ እሳቸውም የአባቴ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። አያችሁልኝ? ሰው በገዛ ስሙ ላይ ምስክር ይቆጠርበታል! የዚያን ቀን ከንዴቴ ብዛት ምሳ አልበላሁም።

መልሱ ሳይመጣ ኃላፊዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ገጹ የአንድ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ይወያዩበታል፣ ድምፅ ይሰጡበታል። ለካ አንድ ተንኮለኛ በአድራሻው ላይ የሊቀመንበሩን ስም አስጽፎ ገብቷል። ገጼም፣ ያ በሰው ቃል የሚያምነው ደጉ ገጼ፣ እጅ ነስቶ ተቀብሎታል። ሰውየው በሊቀመንበሩ ስም «ከዛሬ ጀምሮ ሥልጣኔን ለቅቄአለሁ» ብሎ ጻፈ። አባላቱ ደስታቸውን መግለጽ ጀመሩ። እውነተኛው ሊቀመንበር ጠዋት ተነስቶ ገጹን ሲከፍት፣ ከሥልጣኑ መውረዱንና በመውረዱ ስንት ሰው እንደተደሰተ አንድ ላይ ተረዳ። ኃላፊዬ ያችን ሁለተኛ ጥያቄ ማን አወጣት ብሎ ጮኸ። ሰውን ማመን ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው ብዬ ልመልስለት ስል የመፈልፈያው ሞተር ጸጥ አለ።

አቶ ካሳሁን በሥራ ሰዓት ሞተር አጥፍተው አያውቁም። ስልኩን ዘጋሁት። ገለባቸውን እንኳ ሳያራግፉ ገብተው አልጋዬ ላይ ተቀመጡና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ አንተ ማን ነህ አሉኝ። ከቢቸና መልስ መጥቷል። አለሙ የሚባሉ ሰው አሉ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ነገር ግን ዳዊት የሚባል ልጅ የላቸውም። የተናገሩትም ራሳቸው አቶ አለሙ ናቸው።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። እንዴት ይክዱኛል? አባባ ምንም አልደነገጡም። አንድ የማያውቋቸው መምህር በር ላይ ቆመው ዳዊት የሚባል ልጅ አለዎት ወይ ሲሏቸው፣ የለኝም ብለው መልሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ቢቸና ላይ አያልነህ ነኝ። ዳዊት ያለኝ አጎቴ ነው፤ ለትምህርት አዲስ አበባ ሲወስደኝ እዚያ አስመዘገበኝ። እና አባባ ይህን አያውቁም? አሳምረው ያውቃሉ! «የከተማ ስምህን ይዞ የማላውቀው ሰው ሲመጣብኝ ምን ልበል? አንድ ነገር አጥፍተህ ቢሆንስ?» አሉኝ። ሊያድኑኝ ነው የካዱኝ። ለማዳን ሲባል እንዲህ የተገደለ ሰው አይቼ አላውቅም።

የውብዳር ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። ስቃ አይደለም አሁን። ዓይኗ ቀልቷል። «ለአባቴ የነገርኩት ስም እንኳ የአንተ ካልሆነ፣ ሌላው የነገርከኝ የማን ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። ታዲያ ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም አለች። አልጠየቅሽኝም እንዳልላት፣ መጠየቅን ስረግም የከረምኩት እኔው ነኝ። የዚያን ዕለት የምር ፈራሁ፤ እሷን ያጣኋት መሰለኝ።

ከሄደች በኋላ፣ ቢያንስ እንጀራዬን ላድን ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ያችን ሁለተኛ ጥያቄ ጥርሴን ነክሼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። የምትሠራ መሆኗን ለማየት በገዛ አድራሻዬ ገባሁ። ሌላ ጊዜ ዳዊት ብሎ የሚቀበለኝ ገጽ አሁን ያንን እናት የማታስታውሰውን ቁጥር ደቅኖ አየኝ። ለካ ስልኬ ጠፍቶ አዲስ አድራሻ ሳወጣ፣ አድራሻው ላይ ስሜን አስጽፌአለሁ፤ ስሙ ግን እስከዚያች ቀን የሚያመለክተው ወደ ድሮው አድራሻዬ ነበር። ገጼ ሄዶ ስሜን ሲጠይቀው፣ ስሜ አላውቀውም አለ። እንግዲህ ፍረዱ! አባቴ በቢቸና፣ ስሜ በብሎክቼይን፣ በአንድ ቀን ተባብረው ካዱኝ።

ብሎክቼይኑን ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። አባቴን ግን ቁጭ ብሎ ማስተካከል አይቻልም፤ ከቢቸና ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወረታ በአውቶቡስ ማስመጣት ያስፈልጋል። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ውኃውን አብረን ተሻግረን ቁሐር ሚካኤል ደረስን። መሪጌታ ከደጃፍ ተቀብለው፣ ገና እግራችን ሳይታጠብ፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ ይህ ልጅ የእርስዎ ነው ወይ አሏቸው። አባባ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አዩኝ ስላችሁ፣ ገበያ ላይ ወይፈን እንደሚያይ ሰው ጊዜ ወስደው ነው ያዩኝ። «አዎ፣ የእኔ ነው። አያልነህ ነው» አሉ። እንባዬ መጣ። ስሜን ሲጠሩት እንደዚያ የጣፈጠኝ ጊዜ የለም፤ አልዋሻችሁም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን ረስተው ሰባት ቤት መቁጠር ያዙ። ቆጥረው ቆጥረው ዝምድና የሚባል አላገኙም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ። ልጃችንን ለአለሙ ልጅ ለአያልነህ ሰጥተናል አሉ። ቀጠሉናም፣ ፊታቸው ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት ሳይታይ፣ ቀደም ብሎ ሽማግሌ የላከ ዳዊት የሚባል አንድ ልጅ ነበረ፤ ክፉ ልጅ አይመስልም፣ ዳሩ ግን የሚያውቀው ሰው ስላልተገኘ እንዳይጠብቅ በትሕትና ንገሩልን አሉ። የውብዳር ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

ይኸው ተጋባን። ፎገራ ላይ አሁን ዳዊት የሚለኝ የለም፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «የመሪጌታ አማች፣ አያልነህ» ነው የሚለኝ። እኔም እንግዲህ ስሜ ይህ ከሆነ ብሎክቼይኑም ላይ ይሁን ብዬ አያልነህ የሚለውን ስም ላስመዘግብ ገባሁ። ተይዟል! ባለቤቱን በገዛ ገጼ ፈለግሁት። ገጹ ስሙን ጠየቀ፣ ተመልሶ አድራሻውን ጠየቀ፤ ሁለቱም ተስማሙ፤ ሰውየው አያልነህ ነው ብሎ አረጋገጠልኝ። ይህ ምን ማረጋገጫ ነው? አያልነህ መሆኑንማ እሱም ይለዋል! ቢቸና ያውቀው እንደሆነ፣ ቁሐር ያውቀው እንደሆነ የሚናገር የለም። አባቴን ከነጋቢያቸውና ከነዱላቸው አስመጥቼ ባስመሰከርኩት ስም ላይ አንድ ዜሮና ኤክስ ተቀምጦበታል። ኧረ ለመሆኑ፣ የማን ልጅ ነው?