የግርማ ዓይን

ግርማ የሚባል ጎረቤታችን ጓደኛዬን ትርሓስን በሰው ፊት ማዋረዱ ይመዝገብልኝ። እዚህ ሚኒያፖሊስ፣ በአረጋውያን የምሳ አዳራሽ፣ «የመንግሥት እጅ ጠባቂ!» ብሏት ምሳዋን ሳትበላ ወጣች።

የመንግሥትን ዶሮ እየጋጠ፣ መንግሥት የሚረዳውን ሰው የሚሰድብ እናንተስ አላጋጠማችሁም? አረጋውያን ይታከሙ፣ ምሳም ይብሉ ብሎ ሕግ ያወጣው የአሜሪካ የድሮ ፕሬዚዳንት ይህን ቢሰማ፣ ከመቃብሩ ተነሥቶ ሹካውን ይቀማው ነበር።

በማግስቱ ትርሓስን እየጎተትሁ ወደ አዳራሹ ወስጄ ፊቱ ቆምሁ።

«ስማ ግርማ! ዓይንህን ሞራ ጋርዶት በእጅ ስንመራህ አልነበር? ማን አስገፈፈልህ? የመንግሥት የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር አይደለም?»

ግርማ ተነሥቶ ለትርሓስ ወንበር ሳበላት። ወደ እኔ ግን ዞሮ፣

«እትዬ፣ ዓይኑማ የራሴ ነው። መንግሥት የወሰደው ሞራውን ብቻ ነው» አለኝ።