መምህርት አያልነሽ በኢስትሊ ሱሪ የመረጡበት ዜና

አቶ በኃይሉ ምግብ ቤታቸውን ለወንድማቸው ትተው በናይሮቢ፣ በላቪንግተን ሰፈር፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በከፈቱ በአራተኛው ዓመት፣ በሁለተኛው የትምህርት ተርም፣ ረጅሙ ዝናብ ገና ሳያባራ፣ መምህርት አያልነሽ፣ የሁለተኛ ክፍል እመቤት፣ የሃያ ስምንት ሕፃናት ገዢ፣ ሙጫ የማይበግራቸው፣ የፈሰሰ ቀለም የማያስደነግጣቸው፣ የሥራ ልብስ ሊገዙ ተነሡ። ጸሐፊውም ያየውንና ከታመኑ ሰዎች የሰማውን እንዲህ ጻፈ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። በዕለተ ሐሙስ በምሳ ሰዓት አቶ በኃይሉ በመምህራኑ ዋትሳፕ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙ! የሰማችሁም ስልኩን ላልከፈተ ንገሩ። በመጪው ዓርብ ከሩንዳ ሀብታም ወላጆች ሊጎበኙን ይመጣሉ። ሴት መምህራን ሁሉ ክሬም ሱፍ ልብስና ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋችሁ፣ የባንክ ሠራተኛ መስላችሁ ትቆማላችሁ። ያላደረገች ኮንትራቷ ይታደሳል ብላ አታስብ።» ደመወዙም የባንክ ሠራተኛን ይምሰል አይምሰል አዋጁ አንዳች አልተናገረም።

መምህርት አያልነሽም ይህን ባነበቡ ጊዜ ልባቸው ወደቀ። አምና እንዲህ ያለ አዋጅ ሰምተው፣ ጠባብ ጉርድ ቀሚስ ገዝተው፣ የአንዲት ተማሪ ጫማ ሊያስሩ በርከክ ቢሉ፣ ጉርዱ ከኋላ እስከ ወገብ ተተርትሮ፣ ክፍሉ በሙሉ ምስክር ሆኖባቸው ነበርና። ያን ቀን ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እስከ ደወል አስተማሩ፤ ቤታቸውም ገብተው አለቀሱ። ሁለት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያችው ደመወዝ ስለሆነ እንቢ ማለትም አስፈራቸው፤ ያንኑ ጉድ ደግሞ መግዛት ግን ይበልጥ አስፈራቸው።

ቅዳሜ ማለዳ በማታቱ፣ በናይሮቢው ሚኒባስ፣ ተጭነው ወደ ኢስትሊ ገበያ ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበረ፤ በግራ ምርቃት፣ ናይሮቢ ያደገች የናርሰሪ መምህርት፤ በቀኝ ከማታቱው ሲወርዱ የተቀበለቻቸው ወዳጃቸው ኩለሱም፣ የኢስትሊ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሻጭ ሁሉ ሲያያት የሚጨነቅባት፤ ከኋላ ማንም የለም።

በመጀመሪያው ሱቅ ክሬም ሱሪና ጃኬት ቀረበላቸው። ለብሰውም በሱቁ መካከል ቁጢጥ አሉ፤ ሱሪው ቀጭ አለ። በሰሌዳ አናት ላይ እንደሚጽፍ ሰው ክንዳቸውን ሰቀሉ፤ ጃኬቱ እስከ ደረታቸው አብሮ ወጣ። እጃቸውን ኪስ ሊከቱ ቢሉ፣ ኪስ አልነበረም፤ የኪስ ስፌት ብቻ ነበረ። ያን ጊዜ ቁጣቸው ነደደ፣ እንዲህም ብለው አወጁ፦ «ጠመኔውን፣ ሶፍቱን፣ ፊሽካውን፣ የወለቀውን ጥርስ የት ላድርገው? ይህን የሰፋ ሰው አንድ ቀን ልጅ አስተምሮ አያውቅም!»

ምርቃት አፍራ፣ «እትዬ አያልነሽ፣ ፕሊዝ! ሰው ሁሉ እያየን ነው። ክሬሙን ይግዙና እንሂድ፣ አለዚያ ጆቡን ያጡታል» አለች፤ እሷ የራሷን ገዝታ ጨርሳለችና።

ኩለሱም ግን፣ «አያልዬ፣ አውልቂው! በደመወዝሽ እኩሌታ እድፍ ልትገዢ ነው? ነይ ተከተይኝ» ብላ፣ ኬንያውያን ሚቱምባ ወደሚሉት የሰልባጅ ክምር መራቻቸው። ከዚያም ክምር ውስጥ፣ እስከ ክርናቸው ገብተው ሲቆፍሩ ቆይተው፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ሱሪና እስከ ጭን የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ ማረኩ። ኩለሱም ዋጋውን ሻጩ እስኪስቅ ድረስ አወረደችው። በዚያው የነበረ ኸባብ የሚባል ልብስ ሰፊ አራት ጥልቅ ኪሶች ሰፋበት። ኩለሱምም ሻይዋን ሆን ብላ ጉልበቱ ላይ አፈሰሰች፤ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት ምንም አልታየም። ቁጢጥም አሉ፤ ሱሪው ዝም አለ።

ዓርብ ደረሰ። መምህራኑ በክሬም ተሰልፈው ሳለ አቶ በኃይሉ ያንን ጥቁር ሰማያዊ አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ወይዘሮ አያልነሽ፣ ምንድን ነው የለበሱት? እንግዶቹ ሲሸኙ ቢሮ እፈልግዎታለሁ» አሉ። መምህርት ግን ከሰልፉ አልወጡም።

እንግዶቹም መጡ። ከነሱ መካከል ወይዘሮ ማዕረግ የሚባሉ የአንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከእጃቸው አምልጣ፣ በሜዳው ካለው የብረት መሰላል አናት ላይ ወጣች፤ መውረድም አቃታት፤ ብረቱ በዝናብ ሟልጮ ስለነበረ ጮኸች። አቶ በኃይሉ «ያዟት!» ብለው አዘዙ፤ ራሳቸው ግን ከሲሚንቶው አልወረዱም። የክሬሙ ሠራዊት ተንደረደረ፣ በሦስተኛውም እርምጃ ተረከዙ ሁሉ በጭቃ ተተከለ። ምርቃት አንድ ጫማዋን እዚያው ትታ በአንድ እግሯ ቆመች።

በጠፍጣፋ ጫማቸው የመጡት መምህርት አያልነሽ ብቻ ሮጡ፤ መሰላሉንም ወጡ። «ነይ የኔ እናት፣ አንገቴን ያዢ፣ ወደ ታች አትዪ» እያሉ፣ ጭቃማው ጫማዋ ሸሚዛቸው ላይ እየታበሰ፣ ልጅቱን አወረዱ፤ ከኪሳቸውም ሶፍት አውጥተው እንባዋን ጠረጉ። ወይዘሮ ማዕረግም ልጃቸውን አቅፈው ለአቶ በኃይሉ፣ «እኔ የማስመዘግባት እኚህ መምህርት ክፍል ከሆነ ብቻ ነው» አሉ።

መምህርት አያልነሽ ቢሮ በገቡ ጊዜ የጠበቃቸው የታደሰ ኮንትራት ነበረ፤ ፈረሙ። እሑድም አዲስ አዋጅ ወጣ፦ «ትምህርት ቤታችን ከጥንት ጀምሮ በያዘው ራእይ መሠረት፣ ጽሕፈት ቤታችን ባመነጨው ሐሳብ፣ የመምህራን ልብስ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ይሆናል።» ጥንቱም አራት ዓመት ነው። መምህርት አያልነሽ አንብበው ሳቁ።

ሰኞ በንባብ ሰዓት ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሲሰበሰቡ፣ እሳቸውም እግራቸውን አጣጥፈው ከመካከላቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ መጽሐፉንም ገለጡ። ጉርድ ወደ ታች አልሳቡም፤ ወደ ኋላቸው አልዳሰሱም። ብዙ ኃያላን በዙፋን ላይ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ዘመናቸው አልፏል፤ መምህርት አያልነሽ ግን፣ ክብር ይገባቸውና፣ ታሪኩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ልጆቹ ብቻ አሰቡ።