ጋሼ ጉንታ በሲዲ ሽፋን ላይ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካሴት፣ ኋላም ሲዲ ስሸጥ በኖርኩባት ሱቅ ግን ምንጊዜም የሚቀድመው መጠምጠሙ ነው። ሰው ሙዚቃ የሚገዛው በጆሮው እንዳይመስላችሁ፤ በዓይኑ ነው። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ ካለ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ፏፏቴ ካለ መዝሙር ነው፤ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ መኪና ተደግፎ ከቆመ ደግሞ መኪናው የሰው ነው።

የከተማው ድምፅ ማጉያ ሁሉ ስለ ልማት በሚጮኽበት በዚያ ዘመን፣ ሦስት የሰፈሬ ልጆች «በጩኸትማ እኛም አናንስም» ብለው በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት ጀመሩ። ሙዚቃ አልኩ? የወፍጮ ድምፅ ቀድተው ይጎትቱታል፣ ይቆራርጡታል፣ ከሥሩ ዱም ዱም የሚል ነገር ይከቱበታል። ዘፋኝ የለ፣ ግጥም የለ።

«የሙከራ ሙዚቃ ነው» አለኝ መሪያቸው ምህረቱ። የሚሞከረው በማን ላይ እንደሆነ አልነገረኝም።

ለሽፋኑ የመረጡት የምህረቱን አጎት፣ ባለወፍጮውን ጋሼ ጉንታን ነበር። ዱቄት ዓይናቸው ገብቶ ፊታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ሳለ፣ በመስኮት የገባው ብርሃን ዱቄቱን ሲያበራው፣ ካሜራው ቀጭ! በቃ፣ ነቢይ መሰሉ። እሳቸው ደግሞ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። «ፎቶ ላንሣዎት?» ያላቸው የለም።

ሲዲው እንደ ጉድ ተሸጠ። ከቤሌና ከሻንቶ የመጡ እናቶች ሽፋኑን እያዩ፣ «ስብከት ነው አይደል?» ይሉኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ «ሲሰሙት ይገባዎታል» እላለሁ። ማንም አልገባውም።

ወሬው ጸሎት ቤት ደረሰና ጋሼ ጉንታ ሽማግሌነታቸውን ሊገፈፉ ተጠሩ። እኔም ሻጭ ነህና ና ተባልኩ። ሲዲው ተከፈተ። ቤቱ በወፍጮ ጩኸት ተናወጠ።

«ወንድም ጉንታ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

ጋሼ ጉንታ ያን ዕለት ገና መስማታቸው ነው። ጆሯቸውን ቀስረው ቆዩና፣ «ወፍጮዬ ነዋ!» አሉ።

«ዘፈን ነው እየተባለ እኮ ነው!»

«ወፍጮዬ ከዘፈነ ሁላችሁም እህላችሁን ይዛችሁ ወረፋ እየጠበቃችሁ ሰምታችሁታል። ታዲያ እኔ ብቻ ለምን እቀጣለሁ?»

 ሽማግሌዎቹ ከብዙ ጉርምርምታ በኋላ «ፎቶው ከሽፋኑ ይውጣ፣ ቅጣቱም ይቅር» አሉ። ልጆቹም ሽፋኑን ግራጫ አድርገው እንደገና አወጡት። ጥበብ ነው አሉ። የገዛው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ጉንታ ሱቄ መጡ። ሊያመሰግኑ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ግራጫውን ሽፋን አገላብጠው አዩና፣ «እኔን የት አደረሱኝ?» አሉ።

«ሽማግሌዎቹ ፎቶው ይውጣ አሉ አይደል፣ ጋሼ?»

«እነሱማ ብለዋል። የሻንቶ ሰው ግን መንገድ ላይ እያስቆመ ሁለተኛው መቼ ነው የሚወጣው ይለኛል!»

ከኮታቸው ኪስ ከረባት አድርገው ስቱዲዮ የተነሡትን ፎቶ አውጥተው ባንኮኒዬ ላይ አኖሩ።

«ሙዚቃው እንኳ ይቅር፤ ሽፋኑን ብቻ አሠራልኝ።»