የአድማሱ ግራሞፎን ስንት ዓመቱ ነው?

እናንተ ዘንድ ዕቃ ሲያረጅ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ጎንደሬዎች ዕድሜ እንጨምርለታለን። የነገሥታት ግንብ ሥር ያደገ ሰው፣ የሃምሳ ዓመት ዕቃ መች ያረካዋል?

ፀዳ የሚኖረው ጎረቤቴ አድማሱ በዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት ነው። ባለጡሩምባ ግራሞፎን አለው። የሠሪው ማህተም ተልጧል፤ እሱ ግን "መላጡ ራሱ የዕድሜው ማስረጃ ነው!" ይላል። እንዲህ ያለውን ምርመራ ማን ይረታዋል?

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ሊያገባት ያሰባት ሴት አጎት፣ አያ ፈንቴ፣ ቤቱን ሊያዩ መጡ። አማላጁ እኔ ነኝ። ስለ ሙሽራው "ግፋ ቢል አርባ ቢሆነው ነው" ብያለሁ።

አያ ፈንቴ ግራሞፎኑን አይተው፣ "ሸጋ ነው! የመቼ ነው?" አሉ።

"የጣሊያን ጊዜ!" አለ አድማሱ፣ መዘውሩን እያሽከረከረ።

"በምን አወቅህ?"

"እንዴት አላውቅም? ክርስትና የተነሣሁ ዕለት አባቴ አዲሱን ገዝቶ ያጫወተው እሱን አይደል!"

እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። አያ ፈንቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና "ምነው ቀድመህ አትነግረኝም!" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞረው ጎንበስ አሉ። "ይቀመጡ እንጂ አያ! እኔ እንኳ የተወለድሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው።"

አድማሱ ግራሞፎኑን አየ፤ ሴትዮዋን አሰበ።

"ኧረ ተሳስቼ ነው! አምና ከገበያ የገዛሁት አዲስ ዕቃ ነው!"

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሙሽሮቹን የሚያስጨፍረውም፣ በጎንደር ምድር ዕድሜው የተቀነሰለት የመጀመሪያው ዕቃ ነው።