የእመት ጥንቸል ርካሽ የጌም ሳጥን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በዚህኛው ተረት ላሟ ከተበላች፣ በረቷም ጌም ቤት ከሆነ ቆይቷል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ስልክ መያዝ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ አያ ጅቦ የሚባል ነጋዴ ይኖር ነበር። ይህ ነጋዴ ባዶውን በረት ጠርጎ፣ በሩ ላይ ባለቀለም መብራት ሰቅሎ፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ትልቅ የጌም ማሽን ተከለበት። እንዲህ ያለውን ማሽን ከአያ አንበሶ በቀር በቤቱ ያስቀመጠ ማንም አልነበረም፤ ዋጋው እንኳን ለሚዳቋ ለዝሆንም የሚከብድ ነበር። ስለዚህ የደኑ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቦርሳቸውን እንደያዙ ወደ በረቱ ይጎርፉ ነበር።

የጌም ቤቱ ደንብ ቀላል ነው። ያሸነፈ ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። መክፈያ ያጣ ደግሞ ወደ ጓሮ ገብቶ ዕቃ ያጥባል። ዕቃ ማጠቡ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሳይሆን አልቀረም፤ ወደ ጓሮ ከገቡት ልጆች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልጨረሱም።

ወላጆች መጥተው ሲጠይቁ አያ ጅቦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «አክስቱ ጋ የሄደ ይመስለኛል» ይላቸው ነበር። ነገሩ እየተደጋገመ ሲመጣ ጉዳዩ ሸንጎ ደረሰ። አያ አንበሶም እጅግ አዘነና አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ስለ ጌም ቤት ከአያ ጅቦ የበለጠ የሚያውቅ ስላልተገኘ ሰብሳቢው እሱ ሆነ። ኮሚቴው ደጋግሞ ተሰበሰበ፣ በየስብሰባው ሥጋ ቀረበ፤ በመጨረሻም ልጆች መንገድ ሲሻገሩ ግራና ቀኝ እንዲያዩ አሳስቦ ተበተነ።

በዚያው ደን ውስጥ እመት ጥንቸል የምትባል ስልክ ጠጋኝ ነበረች። ባሏን ንስር ከወሰደባት ወዲህ ከግራር ሥር ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ የተሰበረ ስክሪን እየቀየረች፣ ውኃ የገባውን እያደረቀች አንዲት ልጇን ታሳድጋለች። የልጅቱ ስም ሸጊቱ ነው። ሸጊቱ ጆይስቲክ ከያዘች የሚስተካከላት አልነበረም፤ የዝንጀሮ ጎረምሶች እንኳ ተራቸው ከእሷ ጋር ሲሆን ሆዴን አመመኝ ብለው ይወጡ ነበር።

እመት ጥንቸል ግን እንቅልፍ አጣች። «ልጄ፣ እዚያ በረት አትሂጂብኝ» ትላታለች።

«እማዬ ደግሞ! እኔ እኮ አልሸነፍም» ትላለች ሸጊቱ።

የሚዳቋ ልጅም እንዲሁ ይል ነበር። እመት ጥንቸል ይህን ስለምታውቅ ልጇ ከበረቱ እስክትመለስ ድረስ ብሎን ማጥበቅ እንኳ ያቅታት ነበር። ልጅን አስሮ ማዋል አይቻልም፤ መማታቱንም ሞክራው አልሆነም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰበች። ባለቤት ያጡ ስልኮችን ሆድዕቃ አውጥታ፣ በአሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ገጣጠመችና ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘችው። ከሁለት የተሰበሩ ጆይስቲኮች አንድ ደህና ሠራች። ነገርየው መልክ አልነበረውም፤ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፏል፣ ጣሳው ላይ የድሮው ዘይት ማስታወቂያ እንዳለ ነው። ጌሙ ግን ይሠራል። ሸጊቱ ያን ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም፤ ይልቁንም የጎረቤት ልጆች ወደ እሷ መጡ፣ ቤቱም በጩኸት ታመሰ። እመት ጥንቸል ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ ብላ ተኛች።

ይህ ነገር ለሁሉም ቤት ቢደርስ ብላ አሰበችና ጣሳዋን ታቅፋ ሸንጎ ቀረበች። «ጌታዬ» አለች ለአያ አንበሶ፣ «ዋጋው ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ቢገዛ ልጆቻችን በየቤታችን ይውላሉ። በረት መሄድም ይቀራል።»

ሸንጎው ይህ የጌም ሳጥን ይሳካል አይሳካም በሚለው ላይ መከረ። በመጀመሪያ የተናገረው ጉጉት ነበር፤ ቀን ቀን ስለሚተኛ አዋቂ ነው ይባላል። «ጥናት አድርጌበታለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ከላይ ሲታይ ይሳካል። ከታች ሲታይ አይሳካም። ከጎን ሲታይ ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።»

ተጨበጨበለት።

ቀጥሎ ዝሆን ተነሣ። «ልጄ፣ ርካሽ ነው አልሽን። ምን ጎድሎት ነው የረከሰው?»

«ምንም አልጎደለውም ጋሽ ዝሆን። ውስጡ አንድሮይድ ነው፣ ኩምቢዎ ላይ ከያዙት ስልክ ጋር አንድ ነው። በስልክ የምናውቀው ጌም ሁሉ በቴሌቪዥን ይመጣል፣ ልጆች ጎን ለጎን ሆነው ይጫወቱበታል።»

«ስልኬ ላይ ካለማ ለምን ብዬ እገዛዋለሁ?»

«ልጅዎ ቤት እንዲውልልዎ።»

ዝሆን ይህ መልስ ብዙም አላረካውም። ዝንጀሮ ደግሞ አፍንጫውን በእጁ ይዞ ጣሳውን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አማቾቼ ቢመጡ ይህን የዘይት ጣሳ ሳሎኔ ውስጥ አስቀምጬ ልቀበላቸው ነው?» አለ። ሸንጎው ሳቀ። ከርከሮም ሳቀች፣ ራሷ ጭቃ ውስጥ ተንከባልላ መምጣቷ ትዝ አላላትም። እመት ጥንቸል ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይህን ጊዜ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ተነሥቶ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። «ምን ያስቃችኋል?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የአገራችን ልጅ የሠራችው ነው፣ ልንኮራባት ይገባል! የመጀመሪያውን እኔ እገዛለሁ። ብቻ እመት ጥንቸል፣ እንደ ወንድም ልምከርሽ፤ ትንሽ አሳምሪው። ዋጋው ርካሽ ይሁን፣ ርካሽ ግን አይምሰል። ያን ጊዜ ማንም አይንቀውም።»

ምክሩ ለሁሉም ጣፈጠው። አያ አንበሶ «ይሳካል» አለ፣ እሱ ስላለ ሁሉም ይሳካል አሉ፤ ቆቅም እልል አለች። ጉጉት ከጥናቱ ጋር የሚስማማ ነው ብሎ መልሶ ተኛ።

እመት ጥንቸል ደስ ብሏት ቤቷ ተመለሰችና ጣሳውን በታተነችው። ሆድዕቃውን አውጥታ ከጥቁር ቀንድ በተፈለፈለ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ሳጥኑን በሰም ወለወለችው፣ ጠርዙን ወርቅማ ቀለም ቀባችው። ፊትን እንደ መስታወት ያሳይ ነበር። ገዢ እንዲያየው ሱቋ መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

ሸጊቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችው። «እማዬ፣ አንዴ ብቻ ልጫወት?»

«ይቧጨራል።»

«እጄን ታጥቤያለሁ እኮ።»

«ቢሆንም። የማሳያ ነው፣ የተቧጨረ ካዩ ማን ይገዛኛል? ትንሽ ታገሺ፣ የራስሽን እሠራልሻለሁ።»

እውነትም ልትሠራላት አስባ ነበር። ግን ሳጥኑ እንደ ጉድ ተፈለገ። አንዱን ለልጄ ብላ ስትጨርስ የድኩላ ሚስት መጥታ ትለማመጣታለች፤ ሌላውን ስትጀምር ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። በደኑ ውስጥ ሳጥኑን ያልገዛ ቤት ጠፋ። እመት ጥንቸልም ለራሷ «ተሳካ!» አለች፣ ልቧም ሞቀ። ሸጊቱ ስትጠይቃት «የሚቀጥለው ያንቺ ነው» ትላት ነበር። በኋላ ሸጊቱ መጠየቁን ተወችው። እናቷም ልጅቷ አደበች ብላ ተደሰተች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥኑ እንዴት ሆነላችሁ ብላ ለመጠየቅ ደንበኞቿን ልትዞር ወጣች። መጀመሪያ የከርከሮ ቤት ገባች። ሳሎኑ መሐል፣ ቡፌው ላይ፣ ሳጥኑ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። በላስቲኩ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለበት።

«እትዬ ከርከሮ፣ ልጆቹ አልተጫወቱበትም?»

«ኧረ ምን በወጣው! እነዚያ ጭቃ እግሮች እንዲህ ያለ ዕቃ ይንኩት? እንኳን እነሱ እኔም አልነካሁት።»

«ታዲያ ልጆቹ የት አሉ?»

«የት ይሆናሉ፣ ጅቦ ጋ ናቸዋ። ቁጭ በይ እንጂ!»

እመት ጥንቸል አልተቀመጠችም። ዝንጀሮ ጋ ሮጠች። ዝንጀሮ ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ፣ ከፍቶ አሳያትና መልሶ ቆለፈው። «ለአማቾቼ ከባሕር ማዶ ያስመጣሁት ነው ብያቸዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አደራሽን፣ አንቺ እንደሠራሽው እንዳትነግሪብኝ።»

«ዝንጀሮ ወንድሜ፣ በእናትህ፣ አውጣውና ለልጆችህ ስጣቸው! ለእነሱ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት!»

ዝንጀሮ ተቆጣ። «ዕቃ አያያዝ አታውቅም ልትይኝ ነው? ልጅ ላይ ጥዬ ላሰብረው?»

የድኩላም ቤት እንዲሁ ነው፣ የጉሬዛም። አንዱ በነጠላ ጠቅልሎታል፣ አንዱ ፋሲካ ሲደርስ እንከፍተዋለን ይላል። እመት ጥንቸል በንዴት እየተቃጠለች፣ ይህን ሁሉ ደደብ በሆዷ እየሰደበች ወደ ቤቷ ገሠገሠች። ሱቋ ደርሳ መስኮቱ ላይ ያለውን ሳጥን ስታየው ግን ስድቡ እዚያው ሆዷ ውስጥ ቀረ። ያ ሳጥን አቧራ እንዳይነካው ራሷ በሻሽ ሸፍናው ነበር የወጣችው።

«ሸጊቱ!» ብላ ተጣራች። የሚመልስላት አልነበረም።

እስከ በረቱ ድረስ እንዴት እንደሮጠች አታውቀውም። በሩ ላይ የልጆች ጫጫታ ተቀበላት። ከመግቢያው አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ ለአያ ጅቦ የሸጠችለት ሳጥን ተቀምጧል። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ሰሙ ለቋል፣ ወርቅማው ጠርዝ ተልጧል፤ ጆይስቲኩ ላይ አንድ ቁልፍ ወልቆ በማስቲካ ተለጥፏል። የጥንቸል ልጆችና የጅግራ ጫጩቶች ተደራርበው ይጋፉበታል። በደኑ ውስጥ ካሉት ሳጥኖች ሁሉ የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። «እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ ይሳካልሻል አላልኩም? በነፃ ነው ያስቀመጥኩላቸው። ትንንሾቹ እዚህ ይለማመዱና ሲደፍሩ ወደ ትልቁ ማሽን ይገባሉ። ከተወለድኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም።»

«ልጄን» አለች።

«ሸጊቱን? አይ እሷ! ምን ዓይነት እጅ ነበራት!» አለ አያ ጅቦ ጭንቅላቱን በአድናቆት እየነቀነቀ። «ዛሬ አዲስ ጌም አስገብቼ ነበር፤ አልተለማመደችውም። ቤት ተለማመጂና ነገ ነይ ብላት፣ ቤት መጫወቻ የለኝም አለችኝ። እኔ ደግሞ እንዴት ልመናት? የሠሪዋ ልጅ ሆና!»

እመት ጥንቸል ገፍትራው ወደ ጓሮ ገባች። የታጠቡ ሳህኖች ተደርድረዋል። ከሳህኖቹ በቀር ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ደኑ ሁሉ ለቅሶ መጣ። አያ አንበሶ ጥልቅ ሐዘኑን ልኮ፣ አጣሪ ኮሚቴውም እንደገና እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ አያ ጅቦ ኃላፊነቱ ቢከብደውም ለሕዝብ ሲል ተቀበለው። ጉጉት ደግሞ በድንኳኑ ጥግ ሆኖ ጥናቱ መጠናቀቁን ለአጠገቡ ለተቀመጠው ይነግር ነበር፤ ሳጥኑ በሁሉም ቤት ስለገባ ያለምንም ጥርጥር ተሳክቷል።

እትዬ ከርከሮ ከእመት ጥንቸል ጎን ተቀምጣ አብራት ስታለቅስ ቆየች። ልቧ ደግ ነው፤ የሚያጽናና ነገር ፈለገችና አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት ጀርባዋን እያሻሸች፣ «ስምሽ እንደሆነ አይሞትም። የሠራሽልኝ ሳጥን ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ጭረት የለበትም።»

እመት ጥንቸል ቀና ብላ አየቻት።

«የእኔም የለበትም» አለች።