ሱዌራ ላይ ጋደም ያልኩ ዕለት

እንቅልፍ ወስዶት አውቶቡስ ያመለጠው ሰው፣ ሌላ አገር ቢሆን፣ አውቶቡስ አመለጠው ይባላል፤ በቃ። እኛ አገር፣ ያውም በደርግ ዘመን፣ ያውም አውቶቡሱ ያመለጠው ባሕር ማዶ ከሆነ፣ ኮበለለ ይባል ነበር። አባቶቻችን እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው ሲሉ አንድ ዘመድ ረስተዋል፤ የኩብለላም የአክስት ልጅ ነው። ይህን የዘር ሐረግ ቆጥሬ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳገኘሁት ላጫውታችሁ፤ ስትሰሙኝ ግን ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ መጋደም መዘዙ ብዙ ነው።

በዚያን ጊዜ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነፋስ እለካ ነበር። አትሳቁ፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ሜዳው ላይ እወጣና ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው የሰማዩን ስንት እጅ እንደሸፈነ አይቼ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። በየሦስት ሰዓቱ የሚነሳ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚደርሰው በማንኪያ እንጂ በጭልፋ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ቀልቶ ስለኖርኩ የሰፈሩ ሰው ጠጪ ነው ብሎ ያስወራብኝ ነበር። ይህችን የእንቅልፍ ረሃብ ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

አንድ ቀን ካዛብላንካ በሚባለው የሞሮኮ ከተማ የአፍሪካ ነፋስ ለካኞች ሊሰበሰቡ ነውና አንድ ሰው ላኩ የሚል ደብዳቤ መጣ። አለቆቼ ተራ በተራ ሥራ በዝቶባቸው ዕድሉ እኔ ዘንድ ወረደ። ሦስት ቀን ስብሰባ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሱዌራ በምትባል ጥንታዊ የባሕር ዳር ከተማ ላይ መዝናናት ይላል ፕሮግራሙ። መዝናናት! መሥሪያ ቤታችንን ያስደነገጠው ይኸው ቃል ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየና ስብሰባውስ ይሁን፣ ስብሰባ እኛም እናውቃለን፣ ይህ መዝናናት የሚባለው ግን የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ይሸተኛል አለ። ከምን ደክሞህ ነው የምትዝናናው ብሎም ጠየቀኝ። ዓይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ።

ቀጥሎ ዋስ አምጣ ተባልኩ። እንደዚያ ዘመን አስተሳሰብ የውጭ አገር ተጓዥ ምርጡ ዋስ ሚስትና ልጅ ነበሩ፤ እነሱን አገር ውስጥ ማስቀረት ነው፣ ሰውየውን ያስመልሱታል። እኔ ወንደላጤ ነኝ። ስለዚህ ባልመለስ በኔ ፈንታ የሚታሰር አንድ ደመወዝተኛ ሰው ፈርሞ መገኘት አለበት። ትናንት ከኔ ጋር ሲስቅ ሲጫወት የዋለው ሰው ሁሉ ዋስ የሚል ቃል ሲሰማ እናቱ ታመመች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል እናት ሲታመም አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የፈረሙልኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ጋሽ በላቸው እዚያው ከቦሌ ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ሲሆኑ የመሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት ኃላፊም ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ግምጃ ቤት የኖረ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት፣ ማለት ዕቃው መግባቱ በደረሰኝ ሳይረጋገጥ፣ እርሳስ እንኳ አይቀበልም። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ በራቸውን ይቆልፉና እግራቸው አጥሩ ጋ ሲደርስ ተመልሰው ቁልፉን ይነቀንቃሉ። መንገድ ላይ ይደርሱና ደግሞ ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ ሳይነቀንቁ ሄደው አያውቁም፤ የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን በሳቸው ይሞላ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ለኔ እንዴት ፈረመ? ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አልማዝ የምትባል አንዲት ልጃቸው ሮም ትኖራለች፤ ካዩዋት ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የኔ አውሮፕላን ደግሞ በሮም ነው የሚያልፈው። አንድ ፌስታል በርበሬ ለልጃቸው እንዳደርስ ሲሉ፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብበው ፈረሙ።

የጉዞዬ ቀን ግቢው በሙሉ ሊሸኘኝ ወጣ። ያን ጊዜ ቦሌ ሸኚ የሚቆምበት ሰገነት ነበረ፤ ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል፣ ያለቅሳል፣ አውሮፕላኑ ከየካ ተራራ በላይ እስኪሰወር ይቆማል። ለሰባት ቀን የሚሄድ ሰው እንዲህ ሲለቀስለት ምን ይባላል? እኔ ፍቅር መስሎኝ ልቤ ተነካ። የሱቁ ከድር፣ የወሎ ልጅ ነው፣ አቅፎ ሳመኝና በጆሮዬ፣ "ሮም ላይ ውረድና ቅር፤ ሞኝ አትሁን" አለኝ። እትዬ ዘነበች፣ ከግቢያችን በስተጓሮ የሚኖሩት፣ በሌላኛው ጆሮዬ መጥተው ያንን ካፖርትህን ብል እንዳይበላው እስክትመለስ እኔ ጋ ይናፈስ አሉኝ። ሌላው ራዲዮኔን አቧራ እንዳይገባው አሰበልኝ። ለአልጋዬም ያሰበ ነበረ። ሁሉንም አመስግኜ ቁልፌን ሰጠሁ። እንደማልመለስ የተወራውን ያልተረዳው ብቸኛው ሰው እኔው ተጓዡ ነበርኩ።

ጋሽ በላቸው ግን የመጨረሻ ሆነው ቀረቡና እንደ ግምጃ ቤት ዕቃ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ወገቤም እንደምታውቀው ነው። ሲሚንቶ ላይ መተኛት አልችልም" አሉኝ። አደራ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ሮም ላይ ግማሽ ቀን ስጠብቅ አልማዝ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጣች። በርበሬውን ተቀብላ ፌስታሉን ገለጥ አድርጋ አሸተተችውና እዚያው ሰው መሐል እንባዋ ወረደ። በርበሬው ነው ብትልም እኔ አላመንኳትም። አባዬን መቼ ነው የማየው ብላ ጠየቀችኝ። እነግራቸዋለሁ ብቻ አልኳት።

ስብሰባውን አልተርክላችሁም፤ ስብሰባ የትም ስብሰባ ነው። ሱዌራ ግን! ባሕር ላይ የተገነባ የድንጋይ ግንብ፣ ግንቡ ላይ ተሰልፈው ውቅያኖሱ ላይ የሚያፈጡ የጥንት መድፎች፣ ነጭ ቤቶች፣ ሰማያዊ በሮች፣ ወደቡ ላይ ሰማያዊ ጀልባዎች፣ በጀልባዎቹ አጠገብ ፍም ላይ የሚጠበስ ዓሣ። ከሁሉም በላይ ነፋስ። አስጎብኚያችን ሙስጠፋ፣ ትሑት ሰው ነው፣ ስለ ነፋሱ በየደቂቃው ይቅርታ ይጠይቀኛል። ኧረ ምንም አይደለም እለዋለሁ፤ ዓይኔ ግን በልማድ አቅጣጫውን ይገምታል፣ እጄ ኪሴ ውስጥ እርሳስ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ሁሉ ነፋስ ማንም እንድመዘግበው አልጠየቀኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ በነጻ ነፈሰብኝ። መዝናናት ማለት ለካ ይህ ነው።

አውቶቡሳችን ወደ ካዛብላንካ የሚመለሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ አውሮፕላኑ ማታ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣዬን በላሁና የቀረችኝን ሰዓት ባሕሩን እያየሁ ልጨርሳት ብዬ ግንቡ ላይ ወጣሁ። ከአንዱ መድፍ ጀርባ ከነፋስ የተከለለ ቦታ አገኘሁ። ድንጋዩን ፀሐይ አሙቆታል። ከታች ማዕበሉ ሄድ መለስ ይላል። ትንሽ ጋደም ልበል አልኩ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በላይ የተናገርኩት ወንጀል የለም።

ስነቃ ፀሐይዋ ባሕር ውስጥ ልትገባ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ስድስት ዓመት በየሦስት ሰዓቱ ስትቀሰቅሰኝ የነበረችው የውስጥ ደወል ያን ቀን እሷም ተዝናናች። ሙስጠፋ ሆቴሉ ውስጥ ፈልጎኛል፣ ገበያው ውስጥ ፈልጎኛል፤ ጤነኛ እንግዳ መድፍ ጀርባ ይገኛል ብሎ ማን ያስባል? አውቶቡሱ ሄዷል። የሚያገናኘኝ አውሮፕላን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው።

ሙስጠፋ ቤቱ ወስዶ ሰባት ቀን እንደ ሰርገኛ አከበረኝ። ባሕር አለ፣ ዓሣ አለ፣ ሥራ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይወፍር ነበር። እኔ ግን በተጋደምኩ ቁጥር ጋሽ በላቸው ሲሚንቶ ላይ ለወገባቸው የሚመች ቦታ ሲፈልጉ ይታየኛል፤ ብድግ እላለሁ። እዚያ መድፍ ጀርባ ከወሰደኝ እንቅልፍ በቀር በሱዌራ ሌላ እንቅልፍ አላየሁም። ለመሥሪያ ቤቴ ቴሌግራም አደረግሁ፤ አውሮፕላን አመለጠኝ፣ በሳምንቱ እመጣለሁ የሚል። ባላደርገው ይሻል ነበር። የሚኮበልል ሰው ሁሉ መጀመሪያ አውሮፕላን ነው የሚያመልጠው፤ አስተዳደር ክፍል ለእንዲህ ያለ ቴሌግራም ለብቻው ፋይል ነበረው።

በሳምንቱ ቦሌ ወርጄ ሻንጣዬን ተሸክሜ ወደ ግቢያችን በእግሬ አዘገምኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ካፖርቴን ነው፤ የእትዬ ዘነበች ባል ለብሰውት ወደ ስብሰባ ይሄዳሉ። ሲያዩኝ የሞተ ሰው ያዩ ያህል ክው አሉ። ከድር ከሱቁ ወጥቶ አየኝና ምነው፣ አባረሩህ እንዴ አለኝ። ራዲዮኔ ከሱቁ ውስጥ ዜና ያነባል። አንድም ሰው እንኳን ደህና መጣህ አላለኝም። ያለቀሱበት እንባ ከስሮባቸው ነበር፤ ተስፋ ያደረጉብኝን ሰዎች ሁሉ አሳዘንኩ። ጋሽ በላቸውስ ብዬ ስጠይቅ ከድር ዓይኑን መሬት ላይ ጣለና ያው ባንተ ፈንታ ቀበሌ ገብተዋል፣ አራት ቀን ሆናቸው አለኝ።

ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ለምን ዘገየህ ሲለኝ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ ነው አልኩት። የአብዮት ጥበቃው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፣ ጻፈው። ምክንያት፦ መጋደም።

ጋሽ በላቸው በወገባቸው ጎበጥ ብለው ወጡ። ይቆጡኛል ወይም ይስሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ትከሻዬን ዳሰሱ፣ እጆቼን ቆጠሩ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩና፣ "ሞዴል 19 ይቆረጥልኝ" አሉ። ሰው መመለሱ ይበቃል ቢባሉ አሻፈረኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያለ ደረሰኝ ዕቃ አስረክበው አያውቁም፣ ዛሬ አይጀምሩም። ሊቀመንበሩ ሲሰለቸው ወረቀት ወስዶ ጻፈ፤ እሳቸው ቃሉን አስጻፉት። አንድ ሰው፣ ያገለገለ፣ ሙሉ። ማኅተም ተመታበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ምክንያቴን ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አራት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረ ሰው መጋደም ምን እንደሆነ ያውቃል አሉኝ። ከዚያ አልማዝን ጠየቁኝ። በርበሬውን ማሽተቷን፣ መቼ ነው የማየው ማለቷን ነገርኳቸው። እስከ ግቢው በር ድረስ ሦስት ጊዜ ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ።

ዓመት ሳይሞላ ጋሽ በላቸው ለንብረት አያያዝ ሥልጠና ሁለት ወር ቡልጋሪያ ተመደቡ። አውሮፕላኑ በሮም ያልፋል። ዋስ ሲጠየቁ እኔ በር ድረስ መጡና "ብድር በምድር" አሉኝ። ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነብ ፈረምኩ። በሩን ሦስት ጊዜ የሚነቀንቅ ሰው የት ይሄዳል?

የጉዟቸው ጠዋት በሩን አንድ ጊዜ ቆለፉና ቁልፉን ለኔ ሰጥተው ወጡ። አጥሩ ጋ ደረሱ፤ አልዞሩም። መንገዱ ላይ ደረሱ፤ አልዞሩም። ማየቱን አይቻለሁ፤ ማሰቡ ነው የቀረኝ። ሰገነቱ ሥር ስንሰነባበት፣ "ጋሽ በላቸው፣ እኔም ሲሚንቶ አልወድም" አልኳቸው፣ እየቀለድኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ይለመዳል" አሉኝ።

ሁለት ወሩ ሲሞላ በሥራ ተራዬ ሜዳው ላይ ቆሜ የአውሮፕላኑን መንገደኞች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፣ ለስላሳ፤ መዝገቡ ላይ አለ። ጋሽ በላቸው አልነበሩም። እኔ ቀበሌ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን ተቀመጥኩ፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ስለነበረ እዚያ የሚጋደመው በተራ ነው። የተፈታሁት ቦሌ ላይ ነፋስ የሚለካ ሰው ጠፍቶ አውሮፕላን አስቸገረ ተብሎ ነው።

ከወር በኋላ ከሮም ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ ያ ማኅተም ያለበት ሞዴል 19 አለ፤ አንድ ሰው፣ ያገለገለ፣ ሙሉ። ጀርባው ላይ በዚያ በግምጃ ቤት ፊደላቸው ተጽፎበታል። "ልጄ፣ ይህን ያዘው፣ ይጠቅምሃል። አልማዝ ሰላም ትልሃለች። አትቀየመኝ፤ ትንሽ ጋደም ብዬ ነው።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ተናደድኩባቸው፤ እውነቴን ነው፣ ስማቸውን መስማት አልፈልግም ነበር። በኋላ ግን የልጅቷ እንባ ትዝ አለኝና ንዴቴ ለቀቀኝ። ይኸው ደርግም ወደቀ፣ ሰገነቱም ፈረሰ፣ ነፋስ የምለካበት ሜዳ ዙሪያውን ፎቅ በቀለበት። የጋሽ በላቸው የቤት ቁልፍ እስካሁን እኔ ጋ ነው። እሳቸው ግን ገና አልተነሱም።