አንድ ስንዝር ያጠረው መጋረጃ

ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? አንዳንዱ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ አንዳንዱ ሶፋውን። እኔ መጋረጃውን ነው። አትፍረዱብኝ፤ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሃያ ምናምን ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ሸምሱ ሰፊው ብትሉ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ያመጣችኋል። በዚህ ሁሉ ዓመት የሙሽራም የሐዘንም ልብስ ሰፍቻለሁ። አገር ያወራለት ሥራዬ ግን አንድ አረንጓዴ መጋረጃ ነው። እሱም አጥሮብኝ።

መጋረጃው የእትዬ ብዙነሽ ነው። እትዬ ብዙነሽ ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላቸው። ሻይ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፤ ሌላ የለም። ጥግ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ፤ መጋረጃው የሚጋርደው እሱን ነው።

ሁዳዴ ሲገባ እኛ ሙስሊሞቹና ጴንጤዎቹ እንቁላላችንን ከመጋረጃው ጀርባ ገብተን እንበላለን። የከለከለን ሰው የለም። ግን ጎረቤትህ ደረቅ ዳቦ በሻይ እያወራረደ አንተ ፊቱ ቁጭ ብለህ እንቁላል ስትበላ ደስ ይላል? እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው አጥባቂ ጿሚ ናቸው። የፍስኩን መጥበሻ ለብቻው ሰቅለው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይጠብሱልናል። ረመዳን ሲመጣ ተራው ይዞራል። እኛ ስንጾም ክርስቲያኖቹ ሻያቸውን ይዘው መጋረጃ ጀርባ ይገባሉ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። መመሪያ የለው፣ ማህተም የለው፤ እንዲያው ኖርንበት።

እርግጥ መጋረጃ ጀርባ የሚገባው ሁሉ የሃይማኖቱ ሥርዓት የፈቀደለት አይደለም። ሁዳዴ ላይ «ጨጓራዬን አሞኝ ሐኪም እንቁላል ብላ ብሎኛል» የሚል ክርስቲያን አለ። ረመዳን ላይ ደግሞ «መንገደኛ ነኝ» የሚል የሰፈራችን ሙስሊም አለ፤ ከሱቁ ወጥቶ አስር እርምጃ የተጓዘ መንገደኛ።

ያን መጋረጃ ስሰፋ ጨርቁ አነሰኝ። ሲሰቀል ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው አዩና «ሸምሱ፣ ጫማ ይታያል እኮ» አሉኝ። «ጫማ አይጾምም» አልኳቸው። በዚሁ ቀረ።

እንግዲህ ከውጭ የተቀመጠ ሰው ውስጥ ማን እንዳለ በጫማው ያውቃል። የመቱ ሰው ግን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አሥር ዓመት ሙሉ «ጫማህን አየሁት» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ። በሰፈራችን ዲሽ ያስገቡት መጀመሪያ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት አንድ ጥቁርና ነጭ የድሮ የውጭ ተከታታይ ድራማ ይመጣል፤ ሻይ ቤቱ ይሞላል። ጋሽ ቶለሳ ያስተረጉማሉ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይነግሩናል። ተዋናዩ አንድ ቃል ይናገራል፤ ጋሽ ቶለሳ አምስት ደቂቃ ይተረጉማሉ። ምን ያህሉ የድራማው፣ ምን ያህሉ የሳቸው እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ አንዲት ቆንጆ ከተማ አለች። ዳቦ በነፃ፣ ሙዚቃ በየአደባባዩ። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ መጋረጃ። ማማ ላይ የተቀመጡ ሰዎች በየመስኮቱ ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ሰዓት ጠጋኝ ታዲያ መስኮቴን እጋርዳለሁ አለ። አንሶላ ሰቀለ፤ ወሰዱበት። ሸሚዙን ሰቀለ፤ ወሰዱበት። ጋዜጣ ለጠፈ፤ ላጡት። በመጨረሻ ሕዝቡን ሰብስበው «ምን የምትደብቀው ነገር አለህ?» ሲሉት፣ «ምንም። ምንም እንደሌለኝ ግን ገብታችሁ እንድታዩ አልፈልግም» አላቸው። ይቺን ሲተረጉሙ ጋሽ ቶለሳ ከወንበራቸው ተነሱ። ቤቱ በሙሉ «ጀባዹ» አለው፤ በርታ ማለታችን ነው። በር ላይ የምትቸረችረው ቃሪያ ሻጭ ሳትቀር።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ሰዓት ጠጋኙ ኮቱን ቀዶ መጋረጃ ሊሰፋ መርፌ አነሳ። ጠባቂዎቹ ደረጃውን እየወጡ ነው። ክሩን በመርፌው ሊያሾልክ ሲል መብራት ጠፋ። የመጣው በማግስቱ ነው። ድራማው ሁለተኛ አልታየም። እንግዲህ መጨረሻውን ሁሉም እንደ ልቡ ሞላው። እትዬ ብዙነሽ ሰፍቶ ሰቅሎታል አሉ። ጋሽ ቶለሳ አስረውታል አሉ። እኔ የጨነቀኝ ኮቱ ይበቃው ይሆን የሚለው ነበር።

ይህን እያየን የምንኖረው ግን በአንድ ለአምስት ዘመን ነው። ላልደረሰበት ወጣት ልንገረው። አምስት ጎረቤት ይያዝና አንድ ጠርናፊ ይሾምበታል። ለልማት ነው ተብሎ ነበር። ጠርናፊው ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ዋለ ብሎ ይጽፋል። የሰፈራችን ጠርናፊ እኔ ነበርኩ። ለምን ብትሉ፣ ስብሰባው ላይ ያልተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሪፖርቴም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሁሉም ጤና ነው፣ ዝናቡም ጥሩ ነው።»

ከዚያ አዲስ የጸጥታ ኃላፊ መጣብን። ስሙ ይቅር። ሚስቱ የመቱ ልጅ ናት፤ አማቱ የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ገና ከመምጣቱ የእትዬ ብዙነሽን መጋረጃ ጠረጠረ። ሰው ጀርባው ተሸሽጎ ምን ያወራል? ሊሰማ ገባ። ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንዳይነቃበት እንቁላል በቃሪያ አዘዘ። ሁዳዴ ነው እንግዲህ። ገና ሲገባ ጫማውን ስላየን ወሬያችን ሁሉ የማዳበሪያና የዝናብ ሆነ። ሰውየው ምንም አልሰማም። እንቁላሉ ግን ሳይጥመው አልቀረም፤ በማግስቱም መጣ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ይሄኛው አይቆጨውም፤ በልቷል፤ እንቁላል።

በሳምንቱ ጠርናፊዎቹን ሰበሰበን። «የማያጠፋ ሰው መጋረጃ ምን ያደርግለታል?» አለ። ቁርጥ የማማው ሰዎች አነጋገር ነው፤ ቃለ ጉባኤ ሊይዙ የተጠሩት ጋሽ ቶለሳ ሰምተው ሳቃቸውን በመሐረብ ዋጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የእትዬ ብዙነሽ መጋረጃ ይወርዳል፤ እምቢ ካሉ ንግድ ፈቃዳቸው ይነጠቃል። እኔ ደግሞ ጀርባው የሚቀመጡትን መዝግቤ ረቡዕ አቀርባለሁ። «በጾም አፌ አልዋሽም፤ እርምጃ እወስዳለሁ» ብሎ ጨረሰ።

ሄጄ ነገርኳቸው። እትዬ ብዙነሽ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። «አንተው ሰፍተህ አንተው ልትቀድ?» አሉኝ። «እኔ አላወርደውም። ፈቃዱን ይውሰዱት። ሰው እዚህ ገብቶ እፎይ ካላለ ሻዩን ለማን ላፍላው?» ይህች ሻይ ቤት ሦስት ልጅ ያሳደጉባት ናት፤ ሌላ ገቢ የላቸውም።

ወላሂ ፈራሁ። ብጽፍ ጎረቤቶቼን እሸጣለሁ። ባልጽፍ የሴትዮዋ ቤት ይዘጋል፤ ቀጥሎ የኔ። እሁድ እሁድ «በርታ» ማለት ቀላል ነው። ሰኞ መርፌው አንተ እጅ ሲገባ ነው ጉዱ።

በኋላ ግን ተናደድኩ። ሪፖርት አይደል የፈለገው? ጻፍኩለት።

ረቡዕ ነዋሪው ሁሉ ተጠርቶ አዳራሹ ሞልቷል። አማቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ኃላፊው ወረቀቴን ተቀበለና ርዝመቱን ሲያይ ደስ አለው። ለሌሎቹ ምሳሌ ይሁን ብሎ ራሱ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው።

«በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት ተከታትያለሁ። መጋረጃ ስላለ ፊት አልታየኝም። አንድ ጫማ ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥቁር፣ ሹል፣ በዚህ ሁሉ ጭቃ በየቀኑ የተወለወለ። የግራው ተረከዝ በቀይ ጎማ የተጠገነ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ዓርብ መጥቷል። ሦስቱንም ቀን እንቁላል በቃሪያ አዟል። ዓርብ ዳቦ አስጨምሯል።»

«ሹል» ላይ ድምፁ ደህና ነበር። «ቀይ ጎማ» ላይ ሲደርስ ቀነሰ። «ሰኞ» ላይ ቆመ። ጋሽ ቶለሳ ከኋላ ተነሡና «ደክሞዎት ከሆነ ልርዳዎት» ብለው ወረቀቱን በትሕትና ተቀበሉት። እንቁላሉን በአማርኛ አነበቡት። አማርኛ ለማይሰማውም በኦሮምኛ ደገሙት፤ እንደ ልማዳቸው ትንሽ አስረዝመው።

አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ኃላፊው እግር እያየ ነው። አማቱም አዩ፤ ረጅም አዩ። ኃላፊው ቁጭ ብሎ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ሳበ። ጠረጴዛው ግን ባዶ እንጨት ነው፤ ምን ይሸፍነዋል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያለው ማን ነበር?

«ታዲያ መጋረጃው ይውረድ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ቶለሳ።

«ጉዳዩ ይጠና» አለ።

ያው እስከ ዛሬ እየተጠና ነው። ሻይ ቤቱም አለ፤ መጋረጃውም አለ። አንድ ለአምስት ቀርቷል ይላሉ፤ አሁን ካሜራው በየኪሳችን ነው፤ ማማ መሥራት እንኳ አላስፈለገም።

እኔ አላፈርኩም ወይ? ትንሽ አፍሬያለሁ። በሰው ጫማ ላይ ዓይን አለማሳረፍ የከተማችን ደንብ ነው፤ አሥር ዓመት የጠበቅነውን የጣስኩት እኔ ነኝ። ግን ደንቡ የተሠራው ሰው እፎይ እንዲል ነው እንጂ ሌላውን እፎይ የሚነሳ ሰው ተሸሽጎ እንዲበላ አይደለም።

በሳምንቱ ከኃላፊው ቢሮ አንድ ሠራተኛ ወፍራም ጨርቅ ተሸክሞ ሱቄ መጣ። ለስብሰባው ጠረጴዛ ልብስ እንድሰፋ ተልኳል። እስከ ምን ይውረድ አልኩት። «እስከ መሬት ብለዋል» አለኝ።

ጥሩ ጨርቅ ነበር። በደንብ ለካሁ፤ በደንብ ሰፋሁ። ሲዘረጋ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ምነው ብለው ላኩብኝ።

ጨርቁ አነሰኝ አልኳቸው።